ዩሪያን የሚያተነው ፀሐይ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ማዳበሪያ ብዙ ይጻፋል። ዋጋው ስንት ገባ፣ ጅቡቲ ስንት ኩንታል ተራገፈ፣ የትኛው ወረዳ ዘገየበት የሚለው ሁሉ መጻፍ ያለበት ነው። ከረጢቱ ተፈትቶ ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ስለሚሆነው ግን እምብዛም አይነሳም። በዚህ መሀል አንድ አባባል ሥር ሰዷል፦ «ዩሪያን ፀሐይ ያተነዋል፤ ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ በትነው»። ግማሹ ልክ ነው፤ ዩሪያ እውነትም ወደ አየር ይጠፋል። ምክሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምክንያቱን ለማየት ኒኬል የተሸከመ አንድ ኢንዛይም (ሕዋሳት የሚያመርቱት፣ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ማወቅ ግድ ይላል፤ ይህ ደብዳቤ ስለ እሱ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረቅ ዩሪያ በትሪ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ቢውል አይተንም። ለመቅለጥ እንኳ 133 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ቢሟሟም ቶሎ አይፈርስም፤ ማንም ካልነካው፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ግማሹ ለመፍረስ 40 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ ግን ከሁለት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ተበታትኖ ወደ አሞኒያና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። የ40 ዓመቱን ሥራ በቀናት የሚጨርሰው ዩሪኤዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። አፈር ውስጥ ካሉ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች፣ ከፍግ፣ ከገለባና ከሥር ይወጣል፤ ያመረተው ሕዋስ ሞቶ እንኳ ከሸክላ አፈርና ከብስባሽ ጋር ተጣብቆ ሥራውን ይቀጥላል። የሌለበት የእርሻ ማሳ አይገኝም።

ዩሪኤዝ በኬሚስቶች ዘንድ ትልቅ ስም አለው። በክሪስታል መልክ ተጣርቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም እሱ ነው፤ ያወጣውም ጄምስ ሰምነር ነው፣ በ1926፣ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ከለፋ በኋላ። አሠራሩ ዛሬ ሲያዩት ቅለቱ ያስገርማል። ጃክ ቢን ከሚባል የአደንጓሬ ዘመድ የተፈጨ 100 ግራም ዱቄት፣ 31.6 በመቶ አሴቶን ባለው 500 ሚሊሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ ይጠለላል፤ የወረደው ፈሳሽ ብርድ ላይ ያድራል። ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስምንት ገጽ ያላቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ተኝተዋል። ሰምነር ከዚህ ተነስቶ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው አለ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ጀርመናዊው ሪቻርድ ቪልሽቴተርና ተከታዮቹ አልተቀበሉትም፤ ለእነሱ ፕሮቲኑ ተሸካሚ እንጂ ሠራተኛው አልነበረም። ክርክሩ ሲረግብ ሰምነር በ1946 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ሰምነርም ቢሆን ያላየው ነገር ነበር። በዚያ ክሪስታል ውስጥ ኒኬል መኖሩ ሳይታወቅ 49 ዓመት አለፈ። ያገኘው በ1975 አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በበርት ዘርነር የሚመራው ቡድን ነው። ይህን ያህል ዘመን ለምን ተደበቀ? አንደኛ፣ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከኢንዛይሙ ክብደት 0.13 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በአንድ ግራም ንጹሕ ዩሪኤዝ ውስጥ 1.3 ሚሊግራም። ሁለተኛውና አሳሳቹ ምክንያት የመመርመሪያው ዘዴ ነው። አንድ ኢንዛይም ብረታ ብረት እንዳለው ለማወቅ የተለመደው መንገድ ኢዲቲኤን የመሰለ ብረት የሚነጥቅ ኬሚካል ጨምሮ ሥራው ይቆም እንደሆነ ማየት ነው። ዩሪኤዝ አይቆምም። ኒኬሉ በጣም ስለተጠበቀ ፕሮቲኑ ካልፈረሰ ወይም አሲድ ውስጥ ካልገባ አይለቅም። ፈተናው «ብረት የለውም» ሲል ሰው አመነ። ደግሞም በዚያን ጊዜ ኒኬል የሚፈልግ አንድም ኢንዛይም አይታወቅም ነበር፤ ቢገኝም ከዕቃ የመጣ ቆሻሻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

ቅርጹ በኤክስሬይ የታየው በ1995 ነው፣ ክሌብሴላ ከሚባል ባክቴሪያ በወጣ ዩሪኤዝ። ሁለት የኒኬል አቶሞች በ0.35 ናኖሜትር ርቀት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ድልድይ ሆኖ ያያያዛቸው ሊሲን የሚባል የፕሮቲኑ ክፍል ነው፤ እሱም በራሱ ድልድይ አይሆንም፣ መጀመሪያ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጉረስ አለበት። ኒኬሎቹን በቦታቸው የሚያስቀምጡ ረዳት ፕሮቲኖችም አሉ። ዩሪያ ሲገባ አንዱ ኒኬል ኦክስጅኑን ይጨብጣል፣ ሌላው ናይትሮጅኑን ይዞ ያዘነብለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ከውሃ የተረፈ ሃይድሮክሳይድ ካርቦኑን ይመታና ሞለኪዩሉ ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ሥዕል ይህ ነው። አንድ እንዲህ ያለ ማዕከል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ዩሪያዎችን ይፈጫል።

አሁን ወደ ማሳው። አሞኒያው እንደተፈጠረ በዙሪያው ያለውን አፈር አልካላይን ያደርገዋል፤ የዩሪያ ፍሬ ያረፈበት ነጥብ ፒኤች (የአሲዳማነትና የአልካላይንነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) ወደ 9 ይጠጋል። ዋናው ሒሳብ እዚህ ላይ ነው። አሞኒያ እርጥበት ውስጥ አብዛኛው አሞኒየም ወደሚባል የማይተን መልክ ይለወጣል፤ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው በጋዝ መልክ የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፣ 0.6 ገደማ ነው። 8 ላይ 5 በመቶ ይሆናል። 9 ላይ ሲደርስ 36 በመቶ። ጋዙ የተፈጠረው ከአፈሩ ገጽ ላይ ከሆነ የሚያግደው የለም፤ ነፋስ ይወስደዋል። አምስት ሴንቲሜትር ከአፈር ሥር ከሆነ ግን ወደ ላይ ሲወጣ እርጥበትና ሸክላ ያገኘዋል፣ አሞኒየም ሆኖ ይያዛል። የ«አፈሬ አሲዳማ ነው፣ አያሰጋኝም» ክርክርም ብዙ አያስኬድም። የማሳው ፒኤች በአማካይ 5 ቢሆን እንኳ ፍሬው ባረፈበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሌላ ነው፤ ጥፋቱ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም።

ታዲያ ጤዛ ምን አጠፋ? ዩሪኤዝ ያለ ውሃ አይሠራም። ጤዛ ፍሬውን ለማሟሟትና ኢንዛይሙን ለማስነሳት ይበቃል፤ ዩሪያውን ወደ አፈር ይዞ ለመውረድ ግን አይበቃም። ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ካፊያም እንደዚሁ ነው። ከዚያ ፀሐይና ነፋስ ሲመጣ እርጥበቱ ሲደርቅ አሞኒያው አብሮ ይነሳል። ገበሬው ፀሐይን የሚወቅሰው መጨረሻ ላይ የምትታየው እሷ ስለሆነች ነው። እርግጥ ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል፤ በ10 ዲግሪ ጭማሪ የኢንዛይሙ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለዚህም አፈራቸው አልካላይን በሆነ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ሞቃት የመስኖ እርሻዎች ጉዳቱ ከደጋው ይብሳል። በተጨማሪም ቅጠል ላይ ያደረ ጤዛ የዩሪያ ፍሬ ይይዛል፤ ቅጠሉ ይቃጠላል።

መጥፋቱ ስንት ይሆናል? እንደ አያያዙ ከጥቂት በመቶ እስከ 40 በመቶና ከዚያም በላይ። በምሳሌ እንየው። አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፣ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ። ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው አጠቃላይ ምክር ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ (18 በመቶው ናይትሮጅን የሆነ ሌላ ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር፣ ማለትም 64 ኪሎ ናይትሮጅን። ከዩሪያው አንድ አምስተኛው ቢተን 9.2 ኪሎ ናይትሮጅን ሄደ፤ በሌላ አነጋገር 20 ኪሎ ዩሪያ ተገዝቶ፣ በአህያ ተጭኖ፣ ለነፋስ ተሰጠ።

ለበቆሎና ለማሽላ መፍትሔው አባቶቻችን ያቆዩት ነው፦ ሽልሻሎ፣ ማለትም በበቀለው ሰብል መሀል በማረሻ ማረስ። ዩሪያውን ከሽልሻሎ በኋላ መበተን የተለመደ ስህተት ነው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከተዘራ አምስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ዩሪያው ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ በመስመሩ ዳር ይጨመር፣ ማረሻው በዚያው ቀን ይግባና ያልብሰው። በ75 በ30 ሴንቲሜትር የተዘራ ማሳ በሄክታር 44 ሺህ ገደማ ተክል አለው፤ 100 ኪሎው ሲካፈል ለአንድ ተክል 2.25 ግራም ይደርሳል። ብዙ ሰው በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ይሰፍራል፤ ደግ ዘዴ ነው፣ ግን ቆርኪ ሁሉ እኩል አይደለም። አሥር ሙሉ ቆርኪ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ለአሥር ማካፈል ነው፤ ከዚያ ግማሽ ይሁን ሩብ ይታወቃል። ግንዱ ሥር መከመር ሥሩን በአሞኒያ ያቃጥላል፤ ከዘር ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ መጨመርማ ቡቃያውን ይገድላል።

ጤፍና ስንዴ ይከብዳሉ። በ20 ሴንቲሜትር መስመር ከተዘሩ በመስመሮቹ መሀል ቀጭን ፈር ከፍቶ መቅበር ይቻላል። በብተና የተዘራ ጤፍ ላይ ግን መቆፈር አይታሰብም፤ ያለው መሣሪያ ዝናብ ነው። ቡቃያው ቅርንጫፍ ማብዛት ሲጀምር፣ ከአረም በኋላ፣ ቅጠሉ ደርቆ፣ ከሰዓት በኋላ ደህና ዝናብ የሚጠበቅበትን ቀን መርጦ ከዝናቡ በፊት መበተን። ደህና ዝናብ ስንል 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ማሳው ላይ ቢቀመጥ ከአንድ ሴንቲሜትር ትንሽ በላይ የሚሞላ። አንድና ሁለት ቀን ቢዘገይ፣ አፈሩ ደረቅ ከሆነ፣ ዩሪያው ተኝቶ ይጠብቃል። ረጥቦ ከሆነ አይጠብቅም። «ዘንቦ ሲያባራ እንበትናለን» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ኢንዛይሙ የሚወደው ይህንኑ ነው።

ዋልካና መረሬ መሬት ሌላ ጠባይ አለው። ሸክላው አሞኒየም በመያዝ ብርቱ ነው፤ ውሃ ከተኛበት ግን ችግሩ ሌላ በር ያገኛል። አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት (ኦክስጅን ወደያዘ ሌላ የናይትሮጅን መልክ) የሚወስዱት ባክቴሪያዎች መዳብ ባለው ኢንዛይም ይሠራሉ፤ አየር ሲጠፋ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሞሊብዲነምና መዳብ ባላቸው ኢንዛይሞች ናይትሬቱን መልሰው ጋዝ ያደርጉታል። ስለዚህ እዚያ ከመቅበር በፊት ማጠንፈፍ ይቀድማል፤ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ዩሪያ መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

አመድና ኖራ ላይ አንድ ቃል። በጓሮ መሬት አመድ ከዩሪያ ጋር ቀላቅሎ መበተን እናያለን፤ አመድ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ አሞኒያውን በገዛ እጅ ማባረር ነው። አሲዳማ መሬት የሚታከምበት ኖራም ቢያንስ ከዘር አንድ ወር በፊት ተበትኖ በእርሻ ይደባለቅ እንጂ ከዩሪያ ጋር ገጽ ላይ አይገናኝ። ገለባ ያልተነሳበት መሬትም ተጠንቀቁ፤ ገለባ ከአፈር ይልቅ በዩሪኤዝ ሀብታም ነው፣ ፍሬውም አፈር ሳይነካ እላዩ ላይ ይቀራል።

የኒኬሉ ማዕከል መታወቁ መድኃኒትም አምጥቷል። ኤንቢፒቲ የሚባለው ማዘግያ ዩሪያ ላይ ይቀባል፤ ለአንድ ቶን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ከተለወጠ በኋላ ከሁለቱ ኒኬሎች ጋር ይጣበቅና በሩን ይዘጋል፤ ዝናብ እስኪመጣ አንድና ሁለት ሳምንት ይገዛል። ማርከሻው አሲዳማነት ነው፤ ፒኤቹ ዝቅ ባለ አፈር ላይ ኤንቢፒቲ ራሱ ቶሎ ይፈርሳል። የደጋችን ሰፊ ክፍል አሲዳማ ስለሆነ፣ ሌላ አገር የተሞከረበትን ውጤት እንዳለ እዚህ መጠበቅ አይገባም። መቅበር ደግሞ ከየትኛውም ማዘግያ ይረክሳል።

ኢንዛይሙን ሁልጊዜ ጠላት አናድርገው። ጭድ በዩሪያ ማከም የሚቻለው በእሱ ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ጭዱ በየደርቡ እየተረጨ፣ እየተረገጠ ጉድጓድ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ በላስቲክ አየር እንዳያስገባ ተሸፍኖ 21 ቀን ይቆያል። የጭዱ ዩሪኤዝ አሞኒያ ያወጣል፣ አሞኒያው ጠንካራውን አሰር ያላላል። ሲከፈት ቡናማ ቢጫ መልክና የሚቆነጥጥ ሽታ ካለው ሠርቷል። ሽታ ከሌለው ላስቲኩ ተቀዷል፤ ከሻገተም ውሃው አንሶ ወይም አልተረገጠም። ከመስጠት በፊት አንድ ቀን ይናፈስ። ለፈረስ፣ ለአህያና ከስድስት ወር ላነሰ ጥጃ አይሰጥም። የተበጠበጠውን ውሃ ከብት ከጠጣ ጨጓራው ውስጥ ያለው ዩሪኤዝ በደቂቃዎች አሞኒያ ያጥለቀልቀዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃና ብዙ ኮምጣጤ አጠጥቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው።

በሰው ጨጓራም አለ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ አሲዱን ተቋቁሞ የሚኖረው በዚሁ የኒኬል ኢንዛይም አሞኒያ አምርቶ ነው። በኢንዶስኮፒ የተወሰደ ቁራጭ ዩሪያ ባለው ቢጫ ጄል ላይ ሲቀመጥ ወደ ቀይ የሚቀየረው ለዚህ ነው፤ የትንፋሽ ምርመራውም የሚቆመው በዚሁ ላይ ነው። ኦሜፕራዞልን የመሰለ መድኃኒት ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ አንቲባዮቲክ ወይም ቢስመዝ ባለፈው አንድ ወር የወሰደ ሰው ባክቴሪያው እያለበት «የለም» ሊባል ይችላል። ማቆሙ ግን በሐኪም ምክር ይሁን።

ወደ ፀሐዩ እንመለስና፣ የልማት ሠራተኛ ወይም የኬሚስትሪ መምህር በሦስት የጃም ጠርሙስ ሊያሳየው ይችላል። ሁለቱ ውስጥ ከላይኛው አፈር ሰባት ሴንቲሜትር ያህል ይግባ፤ ሲጨበጥ የሚረጋ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። በአንዱ ሩብ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ከላይ፣ በሌላው ያንኑ ያህል አምስት ሴንቲሜትር ሥር። ሦስተኛው ውስጥ አፈር የለም፣ ደረቅ ዩሪያ ብቻ። በየክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ረጠብ ያለ ቀይ ሊትመስ ወረቀት (አሞኒያ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን) ይለጠፍ፣ ምንም እንዳይነካ። አፈር ያለባቸው ጥላ ውስጥ፣ ደረቁ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ቀድሞ ሰማያዊ የሚሆነው ጥላ ውስጥ ያለው፣ ዩሪያው ከላይ የተበተነበት ነው። ፀሐይ ላይ ያለው ወረቀት ቀይ እንደሆነ መቆየት አለበት፤ ሰማያዊ ከሆነ ዩሪያው ቀድሞ እርጥበት የጠጣ አሮጌ መሆኑ ያጠራጥራል፣ ያኔ ዩሪያውን አንድ ቀን በትሪ አናፍሶ መድገም ያሻል። ወረቀቱ ከደረቀ ቀለም አይቀይርም፤ በየቀኑ በአንድ ጠብታ ውሃ ይታደስ። የተቀበረበትም በሁለተኛው ቀን ሰማያዊ ከሆነ አፈሩ አሸዋማ ነው ወይም ዩሪያው በዝቷል፤ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ እንደገና መሞከር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮኬሚስትሪና የአፈር ለምነት ባለሙያዎች
አዲስ አበባ